ሞተሩ ለምን ደከመው?

ዛሬ በቅርቡ የገጠመኝን ነገር ላጫውታችሁ።

ወንድም ጋሼ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሞተር ሳይክል አለው። አንድ ቅዳሜ ማታ እኔን ከኋላው አስቀምጦ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ አቀበቱን ተያያዝነው። ከባትሪው ምልክቶች የቀረችው አንድ ብቻ ነበረች።

«ወንድም ጋሼ፣ ሊያልቅ እኮ ነው!» ብለው፣ «ሲመሽ የሜዳውን መንገድ እንዴት እንደበረረ አላየሽም? ያደርሰናል» አለኝ።

አቀበቱ መሃል ላይ ሞተሩ ዝግ አለ። ማፍጠኛውን እስከ መጨረሻው ቢጠመዝዘውም ወይ ፍንክች! ከኋላችን የጭነት መኪና ጡሩንባውን ያንባርቃል። እንደ ምንም ዳር ይዘን ወረድንና እየገፋን ቤት ደረስን።

ግን አንድ ጥያቄ ከነከነኝ። የቤንዚን ሞተር ነዳጁ እስኪያልቅ ድረስ ጉልበቱ አይቀንስም። ታዲያ ይኼኛው ገና ሳያልቅበት ለምን ደከመው? መልሱን ያገኘሁት ከፊዚክስ ደብተሬ ነው።

አንደኛ፣ የኤሌክትሪክ ኃይል ማለት ቮልቴጅ ሲባዛ በከረንት ነው። ባትሪው 20 የሊቲየም ሴሎች በተከታታይ የተያያዙበት ነው እንበል። አንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት፣ ሊያልቅ ሲል ደግሞ 3 ቮልት ገደማ አለው። ስለዚህ ጠቅላላው ከ84 ወደ 60 ቮልት ይወርዳል። ከረንቱ 40 አምፒር ቢሆን ኃይሉ ከ3360 ዋት ወደ 2400 ዋት ቀነሰ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ባትሪው በውስጡ ለከረንት የራሱ ተቃውሞ (ሬዚስታንስ) አለው። አቀበት ብዙ ከረንት ይጠይቃል፤ ከረንቱ በበዛ ቁጥር ደግሞ እዚያው ባትሪው ውስጥ የሚባክነው ቮልቴጅ ይጨምራል። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ተቃውሞው ያይላል፤ ብርድም ያብስበታል። ሞተሩን አቁማችሁ ስታርፉ የጠፋችው ምልክት ተመልሳ የምትበራው ከረንት መውሰድ ስላቆመ እንጂ ባትሪው ስለሞላ አይደለም። እንዳትሸወዱ!

ሦስተኛ፣ ሊቲየም ሴል ከልክ በላይ ከተሟጠጠ ይበላሻል። በዚህ ምክንያት በብዙ ሞተሮች ላይ መቆጣጠሪያው ቮልቴጁ ሲወርድ ከረንቱን ሆን ብሎ ይቀንሰዋል። ማፍጠኛውን የቱንም ያህል ብትጠመዝዙት አይሰማችሁም። ባትሪውን ከጉዳት እያዳነው ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ! ምልክቷ የምትነግረን ባትሪው ውስጥ የቀረውን እንጂ አቀበት የሚያስወጣ ጉልበት መኖሩን አይደለም። መንገዱ ዳገት ካለው ቀድሞ ቻርጅ ማድረግ ነው። ባትሪው አንሶ ከሆነ መኪና ልቅደም ማለት አደጋ አለው፤ መሃል ላይ ጉልበት ሊከዳችሁ ይችላል። ሞተሩ መድከም ሲጀምር ሳይቆም በፊት ዳር መያዝ ይበጃል።

ወንድም ጋሼም አሁን ከመነሳቱ በፊት «ዳገት አለው?» ብሎ ይጠይቃል። እናንተም ጠይቁ። ቸር ይግጠመን!