የአሞኒያ ቴርሞሜትር

በጥር 1960 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም የስድስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ ጨዋታዎች ሲያስተናግድ፣ ከዋክብት የሚወለዱበትን ብርድ የሚለካው ዋነኛ ዘዴ ገና አልተገኘም ነበር። ዓመት ሳይሞላ የአሜሪካዊው ፊዚሲስት የቻርልስ ታውንስ ቡድን ካሊፎርኒያ፣ ሃት ክሪክ ላይ በተተከለ ባለ 6 ሜትር አንቴና ከጠፈር የሚመጣ የአሞኒያ ምልክት ያዘ። አፍንጫ የሚሰነፍጠው፣ ዩሪያ ማዳበሪያ የሚሠራበት ያው አሞኒያ ነው።

ኮከብ የሚወለደው ከጋዝና ከአቧራ በተሠራ ጥቁር ደመና ውስጥ ነው። ጥቅጥቅ ደመና ይባል እንጂ ነገሩ በጠፈር ሚዛን ነው፤ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ውስጥ የሚገኘው ሞለኪውል ብዙውን ጊዜ ስታዲየሙ ጢም ብሎ ሲሞላ የሚይዘውን ሕዝብ ያህል ነው። የምንተነፍሰው አየር በዚያችው ቦታ ከ10 ቢሊዮን ቢሊዮን በላይ አለው። አቧራው የከዋክብትን ብርሃን ስለሚጋርድ ውስጡ አይሞቅም። ሰርስረው የሚገቡት ኮስሚክ ሬይ የተባሉ ፈጣን ቅንጣቶች ጥቂት ያሞቁታል፤ ያንኑም ደመናው ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በሞገድ መልክ ወደ ውጭ ይረጨዋል። የሚተርፈው ከዜሮ በታች 263 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው።

እዚያ ድረስ ቴርሞሜትር ማን ይወስዳል? ደመናው በአብዛኛው ሃይድሮጅን ነው፤ ሃይድሮጅን ግን በዚህ ብርድ ምልክት አይሰጥም። አሞኒያ ይሰጣል። የናይትሮጅኑ አተም በሦስቱ ሃይድሮጅኖች መሃል እያለፈ ወዲያና ወዲህ ሲገለባበጥ 1.25 ሴንቲሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ሞገድ ይወጣል። ዝግ ብሎ የሚሽከረከረው ሞለኪውልና ፈጠን ያለው የሚለቁት ሞገድ በጥቂቱ ይለያያል። ጋዙ ሲሞቅ በግጭት ብዛት ፈጣኖቹ ይበረክታሉ፣ ሲቀዘቅዝ ይመናመናሉ። ልኬቱ እንግዲህ ሁለቱን ምልክቶች ማወዳደር ነው። አንድ አንቴና ጎን ለጎን ስለሚይዛቸው የመሣሪያው ስሕተት ሁለቱንም እኩል ይነካል፤ ንጽጽሩም አይፋለስም። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው።

ጥቂት ዲግሪ ምን ያመጣል? ደመናውን የሚጨምቀው የራሱ ስበት ነው፣ የሚገፋው ደግሞ የጋዙ ሙቀት። ከፍጹም ዜሮ፣ ከብርድ ሁሉ መጨረሻ፣ በላይ 10 ዲግሪ (ያው ከዜሮ በታች 263 ሴልሺየስ) የነበረው ጋዝ 20 ቢደርስ፣ ጥግግቱ ሳይለወጥ ወደ ውስጥ ለመደርመስ የሚያስፈልገው መጠነ ቁስ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ማለትም ብርዱ ባይኖር እንደ ፀሐያችን ያሉ ትንንሽ ከዋክብት ለመወለድ ይቸገሩ ነበር።

እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለቱ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች የሚሰበስቡት ብርሃን ስለሆነ የአሞኒያውን ሞገድ አይዙም፤ ሥራው እንደ ጀርመኑ ባለ 100 ሜትር ኤፈልስበርግ ያለ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ይፈልጋል። ቦታውን በዓይን ለማየት ግን ቴሌስኮፕ አያሻም። በሰውር የከዋክብት ክልል ያለው ደመና 450 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፤ በጥር ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ከአናታችን በላይ ነው። ከስታዲየምና ከካዛንቺስ መብራት ራቅ በሉና ከሰባቱ ከዋክብት በስተምሥራቅ ኮከብ የሳሳበትን ፈልጉ።