ነርስነትና ደመወዙ

ከኮምቦልቻ ደሴ እየተመላለሰች የምትማር አንዲት ልጅ «መምህር፣ ነርስ ልሁን?» ስትል ጠየቀችኝ። እናቷ ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለቀለብ አይበቃም ብለው ከልክለዋታል። ነገሩም ሐሰት አይደለም፤ በግንቦት 2017 ዓ.ም. በብዙ ሆስፒታሎች የጤና ባለሙያዎችን ለሥራ ማቆም ያደረሳቸው ይኸው ነበር። ልዕልት ፀሐይ በ1931 ዓ.ም. በሎንዶን በነርስነት ሲመረቁ ስለ ዕለት እንጀራ አልተጨነቁም፤ የድኻ ልጅ ግን ወላጆቿን መጦር አለባት። ደግሞም የደሴ ሆስፒታል በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተዘርፎ ነበርና፣ ነርሶቹ ወደ ሥራቸው ሲመለሱ የጠበቃቸው ዕቃው የጎደለ ክፍል ነው። ይህን ሁሉ ነግሬ «ሂጂና የሌሊት ተረኛ የሆነችውን ነርስ ራሷን ጠይቂ» አልኋት። ሄዳ ጠየቀች፤ የደመወዙንም ልክ ሳትደብቅ ለእናቷ ነገረች። ልጅቱ አሳቧን አልለወጠችም፤ እናቷም እስካሁን እሺ አላሉም።