አሸናፊው የሚለየው በመጨረሻው ፍላጻ ነው

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 2024 ምሽት፣ ለንደን በሚገኘው አሌክሳንድራ ፓላስ አዳራሽ፣ አንድ የ16 ዓመት ታዳጊ የዓለም የዳርት ሻምፒዮን ሊሆን ተቃርቦ ነበር። ስሙ ሉክ ሊትለር ነው። በፍጻሜው ግጥሚያ ሉክ ሃምፍሪስን በዙር 4 ለ 2 እየመራ ሳለ ውጤቱን 5 ለ 2 የሚያደርስለት ዕድል አገኘ። የቀረው ነገር ቢኖር ከሰሌዳው ዳር ባለው ቀጭን ቀለበት ላይ “እጥፍ 2” የተባለችውን ክፍል መውጋት ነበር። የቀለበቱ ስፋት 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሊትለር ሳተ። ሃምፍሪስ ዙሩን ከእጁ ነጠቀው፤ ከዚያ ወዲያ ሊትለር አንድም ዙር አላሸነፈም፤ ፍጻሜው 7 ለ 4 ተጠናቀቀ።

ዳርትን አዘውትሮ የማይከታተል ሰው ብዙ ነጥብ የሰበሰበ የሚያሸንፍበት ጨዋታ ይመስለዋል። አዳራሹን የሚያናውጠው ጩኸትም ይህንኑ ግምት ያጠናክርበታል፤ ተመልካቹ ከመቀመጫው የሚነሳው ተጫዋቹ በሦስት ፍላጻ 180 ሲያስቆጥር ነውና። ዋንጫ የሚያስገኘው ግን ሌላ ችሎታ ነው፤ እሱም መዝጋት ይባላል። ነገሩ ከ10,000 ሜትር ሩጫ ጋር ይመሳሰላል፤ እስከ መጨረሻው ደወል የመራ ሁሉ አያሸንፍም። ይህን የተረዳ ሰው የዓለም ሻምፒዮናውንም ሆነ የሊትለርን ታሪክ በሌላ ዓይን ያያል።

ከሰሌዳው እንጀምር። የዳርት ሰሌዳ የሚሠራው ከቃጫ ነው። ቃጫው በጥብቅ ታሽጎ ስለሚጨመቅ ፍላጻው ሲነቀል ቀዳዳው መልሶ ይገጥማል፤ ሰሌዳው ብዙ የሚያገለግለው በዚህ ምክንያት ነው። ለዚህ ሥራ የሚውለው ቃጫ በብዛት የሚመጣው ደግሞ ከዚሁ ከእኛው ምሥራቅ አፍሪካ ነው። የሰሌዳው እምብርት ከወለሉ 1.73 ሜትር ከፍ ብሎ ይሰቀላል፤ ተጫዋቹ ከሰሌዳው ፊት 2.37 ሜትር ርቆ ይቆማል። ሰሌዳው ከ1 እስከ 20 ቁጥር በተሰጣቸው 20 ክፍሎች የተከፈለ ነው። በውጭኛው ቀለበት ያረፈ ፍላጻ የክፍሉን ቁጥር እጥፍ ያስገኛል፤ በመሃለኛው ቀለበት ያረፈ ደግሞ ሦስት እጥፍ። እምብርቱ 50፣ በዙሪያው ያለው ክብ 25 ነጥብ አላቸው። ስለዚህ በሰሌዳው ላይ ትልቁ ነጥብ የሚገኘው ከእምብርቱ ሳይሆን ከሦስት እጥፍ 20 ነው፤ 60 ነጥብ። ሦስቱም ፍላጻዎች እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ካረፉ 180 ይሆናል። ባለሙያዎች ከተንግስተን የተሠራ ፍላጻ የሚመርጡትም ለዚሁ ነው። ተንግስተን ከባድ ብረት በመሆኑ ፍላጻው ክብደቱን ሳይለቅ ቀጭን ሆኖ ይሠራል፤ ስለዚህ ሦስቱ ሳይገፋፉ ጎን ለጎን መሰካት ይችላሉ።

የቁጥሮቹ አሰላለፍ ራሱ ብልሃት አለበት። ከ20 ግራ 5፣ ከቀኙ 1 ተቀምጠዋል። 20 አልሞ በጣት ስፋት የሳተ ሰው 5 ወይም 1 ይዞ ይመለሳል ማለት ነው። ሰሌዳው ለደፋሩ የሚከፍለውን ያህል የሚሳሳተውን ይቀጣል። በ2011 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የታተመ የስታቲስቲክስ ጥናት ይህንኑ አስልቶ አሳይቷል፤ ሦስት እጥፍ 20ን ማለም የሚያዋጣው እጁ በጣም ለጸና ተጫዋች ነው። መካከለኛ ተጫዋች ሦስት እጥፍ 19ን ቢያልም የተሻለ ይሰበስባል፤ ጀማሪ ደግሞ ከእምብርቱ ትንሽ ወደ ግራና ወደ ታች ያለውን አካባቢ ቢመርጥ ይጠቀማል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሁለቱም ተጫዋቾች የሚጀምሩት ከ501 ነው። እየተፈራረቁ በአንድ ተራ ሦስት ሦስት ፍላጻ ይወረውራሉ፤ ያስቆጠሩት ከ501 ላይ ይቀነሳል። ቀድሞ ዜሮ የደረሰ ያሸንፋል፤ ግን አንድ የማይታለፍ ግዴታ አለ። የመጨረሻው ፍላጻ እጥፍ ላይ ወይም እምብርቱ ላይ ማረፍ አለበት። መዝጋት የሚባለው ይህ ነው። 40 የቀረው ሰው እጥፍ 20 ይፈልጋል፤ 4 የቀረው እጥፍ 2። ከቀረው በላይ ያስቆጠረ፣ 1 ያስቀረ ወይም ያለ እጥፍ ዜሮ የደረሰ ሰው ተራው ይቃጠልበታል፤ ነጥቡም ተራውን ሲጀምር ወደነበረበት ይመለሳል። በሦስት ፍላጻ ሊዘጋ የሚችለው ትልቁ ቁጥር 170 ነው፤ ሁለት ጊዜ ሦስት እጥፍ 20፣ ከዚያ እምብርቱን።

ስለዚህ ከመዝጊያው በፊት ሒሳብ አለ። ጥሩ ተጫዋች ሁለት ተራ አስቀድሞ የት እንደሚደርስ ያሰላል፤ ብዙዎች የሚወዱት ማረፊያ ደግሞ 32 ነው። ምክንያቱም 32 በእጥፍ 16 ይዘጋል። ፍላጻው ሸርተት ብሎ ነጠላው 16 ላይ ቢያርፍ የሚቀረው 16 ነው፤ እሱም በእጥፍ 8 ይዘጋል። እንደገና ነጠላው 8 ላይ ቢያርፍ እጥፍ 4፣ ቀጥሎ እጥፍ 2፣ ከዚያም እጥፍ 1 አለ። በየስህተቱ ሌላ በር ይከፈታል። 38 ያስቀረ ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም፤ እጥፍ 19ን ስቶ ነጠላው 19 ላይ ካረፈ ጎዶሎ ቁጥር ይቀረዋልና አንድ ተጨማሪ ፍላጻ ቁጥሩን ለማስተካከል ብቻ ያባክናል። በዚያች በባከነች ፍላጻ ምክንያት ተቀናቃኙ ቀድሞ ጨዋታውን ሊዘጋው ይችላል። በቴሌቪዥን ስንመለከት ተጫዋቹ ለምን 20ን ትቶ ድንገት ወደ 18 ወይም ወደ 19 እንደሚዞር ግራ የሚገባን ይህ ሒሳብ ስለማይታየን ነው።

አንድ ተጫዋች ከ501 ተነስቶ ዜሮ ለመድረስ ቢያንስ 9 ፍላጻ ያስፈልገዋል። 180፣ ደግሞ 180፣ ከዚያ የቀረውን 141 በሦስት እጥፍ 20፣ በሦስት እጥፍ 19 እና በእጥፍ 12 መዝጋት አንዱ መንገድ ነው። ይህን በቴሌቪዥን በተላለፈ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረገው እንግሊዛዊው ጆን ሎው ሲሆን ጊዜው 1984፣ ሽልማቱም 102,000 ፓውንድ ነበር። በእኔ አስተያየት ግን ከሁሉም የሚበልጠው በ2023 የዓለም ፍጻሜ የታየው ነው። ኔዘርላንዳዊው ማይክል ቫን ገርወን ስምንት ፍላጻ ያለ እንከን ወርውሮ ዘጠነኛዋን፣ እጥፍ 12ን፣ ሳታት። ወዲያው ተራው የደረሰው ማይክል ስሚዝ በዚያው ጨዋታ ላይ የራሱን ዘጠነኛ ፍላጻ አግብቶ ዘጋ። ስሚዝ የዚያን ዓመት ዋንጫም ወሰደ።

ከ501 እስከ ዜሮ የሚደረገው አንድ ፉክክር ሌግ ይባላል። ሦስት ሌግ ያሸነፈ አንድ ዙር ያገኛል። በዓለም ሻምፒዮናው የመጀመሪያ ግጥሚያዎች ሦስት ዙር ቀድሞ ያገኘ ያልፋል፤ ወደፊት በተገፋ ቁጥር የሚጠየቀው እየጨመረ በፍጻሜው ሰባት ይደርሳል። ይህ አቆጣጠር ጨካኝ ነው። አንድ ተጫዋች ሁለት ዙር 3 ለ 0፣ 3 ለ 0 ቢያሸንፍና ቀጥሎ ሦስት ዙር 3 ለ 2 ቢሸነፍ፣ በጠቅላላው 12 ሌግ ወስዶ፣ 9 ሌግ ብቻ ባሸነፈው ሰው ተረትቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሌጉን ቀድሞ የሚጀምር ሰው ጥቅም ስላለው መጀመር በየተራ ነው፤ ተቀናቃኝ በጀመረው ሌግ ላይ ማሸነፍ እንደ ትልቅ ድል ይቆጠራል። የብቃት መለኪያው በሦስት ፍላጻ አማካይ ስንት እንደተገኘ ነው፤ አማካዩ 100 የሆነ ሰው አንዱን ሌግ በ15 ፍላጻ ገደማ ይጨርሳል፣ ይህም የዓለም ምርጦች ደረጃ ነው።

ውድድሩ አሁን ያለበት ደረጃ ላይ የደረሰው በጭቅጭቅ ነው። ዳርት በእንግሊዝ መጠጥ ቤቶች አድጎ በ1978 የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና አገኘ፤ ዌልሳዊው ሌይተን ሪስ አሸንፎ 3,000 ፓውንድ ተቀበለ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ቴሌቪዥን ፊቱን ሲያዞርበት የተጫዋቾቹ ገቢ ደረቀ። በ1992 የዘመኑ ታላላቅ ተጫዋቾች ከነባሩ ማኅበር ተገንጥለው የራሳቸውን አቋቋሙ፤ የመጀመሪያ ሻምፒዮናቸውን በ1994 ዴኒስ ፕሪስትሊ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን የፊል ቴይለር ነው። የስቶክ ከተማ የሴራሚክ ፋብሪካ ሠራተኛ የነበረው ቴይለር በሁለቱም ማኅበራት 16 የዓለም ዋንጫ ሰበሰበ። ውድድሩ ከ2008ቱ ሻምፒዮና ጀምሮ በአሌክሳንድራ ፓላስ ይካሄዳል። የዋንጫው ስያሜ የጨዋታውን ድምፅ ለብዙ ዓመታት ላሰማው ተንታኝ ለሲድ ዋዴል መታሰቢያ ሆኗል።

ሊትለር ያቺን እጥፍ 2 ከሳተ በኋላ በዓመቱ ተመለሰ። በመጀመሪያው ግጥሚያ ራያን ሚክልን ሲገጥም ሦስት ዙር ሲቸገር ቆይቶ በአራተኛው ዙር ሦስቱን ሌግ በጠቅላላው በ32 ፍላጻ ዘጋ፤ ሊደረስበት የሚችለው ዝቅተኛው ቁጥር 27 ነው። የዚያ ዙር አማካዩ 140.91 ሆኖ በሻምፒዮናው ክብረ ወሰን ተመዘገበ። ከግጥሚያው በኋላ በመድረኩ ቃለ መጠይቅ ሲደረግለት እንባ ተናንቆት መጨረስ አልቻለም። አንድ ዓመት ሙሉ ምን ተሸክሞ እንደኖረ ያኔ ታየ።

ጃንዋሪ 3 ቀን 2025 በተካሄደው ፍጻሜ የገጠመው የሦስት ጊዜ ሻምፒዮኑን ቫን ገርወንን ነበር። ሊትለር የመጀመሪያዎቹን አራት ዙሮች በተከታታይ ወሰደ። ቫን ገርወን የሚደርስበት የሚመስልባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ ግን ሊደርስበት አልቻለም። ውጤቱ 7 ለ 3 ሆነ። ሊትለር ገና 18 ዓመት ሳይሞላው በታሪክ ከሁሉም ወጣቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ 500,000 ፓውንድም ተሸለመ። በቀጣዩ ዓመት ተወዳዳሪዎቹ ወደ 128 ከፍ አሉ፤ የአሸናፊው ሽልማትም 1 ሚሊዮን ፓውንድ ገባ። ሊትለር በፍጻሜው ጂያን ቫን ፊንን 7 ለ 1 ረትቶ ዋንጫውን አስጠበቀ። ከ2016 ወዲህ ዋንጫውን በተከታታይ ያስጠበቀ አልነበረም። ከቴይለር ጋር ማወዳደር ግን ጊዜው አይደለም፤ ሁለት ዋንጫ አስደናቂ ነው፣ 16 ደግሞ የአንድ ሰው ሙሉ ዕድሜ ሥራ ነው።

ይህ ሻምፒዮና ወንድና ሴት በአንድ ሰሌዳ የሚገናኙበት መሆኑ ሊታወቅ ይገባል። በ2019 ዲሴምበር ፋለን ሼሮክ በዚህ መድረክ ወንድ ተጋጣሚ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። ለእኛ ይበልጥ የቀረበው ግን በ2025 ዲሴምበር የሆነው ነው። በመድረኩ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኬንያዊ፣ የእንስሳት ሐኪሙ ዴቪድ ሙንዩዋ፣ ቤልጂየማዊውን ማይክ ደ ዴከርን 2 ለ 0 ከመመራት ተነስቶ 3 ለ 2 አሸነፈ። በሁለተኛው ግጥሚያ ቢሰናበትም፣ የአፍሪካን ማጣሪያ አልፎ የመጣ ሰው ኑሮውን በዳርት ያደረገን ባለሙያ በዚያ አዳራሽ መርታቱ ትልቅ ነገር ነው። ጎረቤት አገር ከቻለ እኛ የማንችልበት ምክንያት አይታየኝም።

ሰሌዳ ሰቅላችሁ ለመጀመር ካሰባችሁ ሁለቱን ልኬቶች፣ 1.73 እና 2.37 ሜትርን፣ ሳታዛንፉ ያዙ፤ ልጆች በማይተላለፉበት ግድግዳ ላይም ስቀሉት። መጀመሪያ 180 ለማግኘት አትድከሙ። ከልምምዳችሁ ግማሹን እጥፍ 16፣ እጥፍ 8 እና እጥፍ 4 ላይ አውሉት።