የፀሐይዋ ቪታሚንና የሳንባ ምች

ረፋድ ላይ በልደታ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች መካከል የሚያልፍ ሰው፣ በተዘጋ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ሕፃኗን ፀሐይ የምታሞቅ እናት ማየቱ አይቀርም። ብርሃኑ ይገባል፤ ሙቀቱም ይሰማል። ይሁን እንጂ በሕፃኑ ቆዳ ላይ ቪታሚን ዲ አይሠራም ለማለት ይቻላል። ምክንያቱ ከሕክምና ይልቅ ለፊዚክስ የቀረበ ስለሆነ ከዚያ እንጀምራለን።

ቪታሚን ዲን የሚያስገኘው የፀሐይ ብርሃን ሁሉ ሳይሆን፣ የሞገድ ርዝመቱ ከ290 እስከ 315 ናኖሜትር ገደማ የሆነው አልትራቫዮሌት ቢ የተባለው ጨረር ነው። ይህ ጨረር በቆዳችን ውስጥ የሚገኝ አንድ የኮሌስትሮል ዘመድ የሆነ ሞለኪዩል ሲመታ ከቀለበቶቹ አንዱ ይበጠሳል፤ የተበጠሰውም ሞለኪዩል በሰውነት ሙቀት ቀስ በቀስ ወደ ቪታሚን ዲ ይለወጣል። ተራ የመስኮት መስታወት የሚታየውን ብርሃን ሲያሳልፍ ይህን ጨረር ግን ውጦ ያስቀረዋል።

ከባቢ አየርም፣ በተለይ ኦዞን፣ የራሱን ድርሻ ይውጣል። ፀሐይ ከአድማስ በላይ 30 ዲግሪ ላይ ስትሆን ጨረሩ በአየር ውስጥ የሚያቋርጠው መንገድ፣ በአናታችን ላይ ስትሆን ከሚያቋርጠው እጥፍ ነው፤ ምድር የሚደርሰው አልትራቫዮሌት ቢ ግን ከግማሽ እጅግ ወደሚያንስ መጠን ይወርዳል። ስለዚህ ጥላችን ከቁመታችን ሲረዝም ጨረሩ ጥቂት ነው የሚለው ቀላል መለኪያ በቂ አገልግሎት ይሰጣል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ በታኅሣሥ አጋማሽ እንኳ የእኩለ ቀን ጥላችን ከቁመታችን ሁለት ሦስተኛ አይበልጥም። በዚያው ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ግን ሦስት እጥፍ ገደማ ይደርሳል። የማለዳ ፀሐይ ያሞቃል እንጂ ቪታሚኑን እምብዛም አይሰጥም ማለት ነው።

በኦስሎ በዚያን ሰሞን የእኩለ ቀን ፀሐይ ከአድማስ 7 ዲግሪ እንኳ ከፍ አትልም። ታዲያ በደማችን ያለው ቪታሚን ከኖርዌያውያን ይበልጣል ብለን ብንገምት ማን ይፈርድብናል? እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ንጽጽር ግን የኢትዮጵያውያኑ መጠን ያነሰ መሆኑን አሳየ። ኖርዌያውያን ቅባታም ዓሣና የዓሣ ዘይት ይመገባሉ፤ በእንጀራና በሽሮ ውስጥ ግን ቪታሚን ዲ የለም ቢባል ስሕተት አይሆንም። የጠቆረ ቆዳም ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ከሁሉ በላይ ግን ወሳኙ ውጭ መዋላችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ፣ በአዳማና በዙሪያዋ 174 ተማሪዎችን ባሳተፈ ጥናት፣ እጥረቱ በከተማ ልጆች 61.8 በመቶ፣ በገጠር ልጆች 21.2 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል።

እጥረቱ አጥንትን እንደሚያላላ፣ ሕፃናትን ለሪኬትስ እንደሚዳርግ የታወቀ ነው። እኛን ይበልጥ የሳበን ግን ሌላ ነገር ነው። ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ ኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የሳንባ ምች የያዛቸውን 500 ሕፃናት ካልያዛቸው 500 ጋር አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ1997 በላንሴት መጽሔት አሳተሙ። ከታመሙት 210ሩ፣ ካልታመሙት ደግሞ 20ዎቹ ብቻ ሪኬትስ ነበረባቸው። የቤተሰብ ብዛት፣ የቤት መጨናነቅና የጡት ማጥባት ጊዜ በስሌቱ ውስጥ ገብተው እንኳ ልዩነቱ 13 እጥፍ ገደማ ነበር። ልጁን ምች እንዳይመታው ብላ ከፀሐይ የምትሸፍነው እናት፣ ሳታውቀው ለሌላው ምች ታጋልጠው ይሆን?

ሁለት ማብራሪያዎች አሉ። አንደኛው የበሽታ መከላከያ ሕዋሳትን ይመለከታል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 እንደተገለጸው፣ እነዚህ ሕዋሳት የነቀርሳን ባክቴሪያ የሚገድል ፕሮቲን ለማምረት ቪታሚን ዲን ይጠቀማሉ። ሁለተኛው የመካኒክስ ጉዳይ ነው። ደረት እንደ ወናፍ ነው፤ የወናፉ እንጨት ከላላ አየር በደንብ አይስብም። የላሉ የጎድን አጥንቶችም ሕፃኑ ሲተነፍስ ወደ ውስጥ ስለሚሰረጉዱ አክታውን በሳል ማስወጣት ይቸግረዋል።

የመጀመሪያው ማብራሪያ ብቻውን በቂ ቢሆን ኖሮ ቪታሚኑን መስጠት በሽታውን በቀነሰ ነበር። በካቡል ከ3,000 በላይ ሕፃናት በየሦስት ወሩ ከፍተኛ መጠን ተሰጥቷቸው ሲነጻጸሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው ውጤት መሠረት የሳንባ ምች አልቀነሰም። ልደታ የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በተካፈለበት፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ሙከራም፣ 348 የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ከመደበኛው ሕክምና ጋር ቪታሚን ዲና ፊኒልቡቲሬት የተባለ መድኃኒት፣ ወይም በምትካቸው ፍሬ ነገር የሌለው እንክብል ወስደዋል። ሁለቱን የወሰዱት የሕመም ምልክታቸው ተሻለ፤ ባክቴሪያው ከአክታቸው የጠፋው ግን ከሌሎቹ ፈጥኖ አይደለም።

በእኛ ግምት የ1997ቱን ልዩነት ያህል ያገዘፈው የወናፉ መላላት ሳይሆን አይቀርም፤ የካቡል ሕፃናት የተመረጡት ሪኬትስ ስላለባቸው አልነበረምና። ይህ እውነት ከሆነ ቪታሚኑ የሚያስፈልገው ከበሽታው በኋላ ሳይሆን አጥንቱ ገና ሲሠራ ነው። የልደታዋ እናት መስኮቱን ትክፈተው፤ ከተቻለም ጥላዋ ወደ ቁመቷ ሲጠጋ፣ ማለትም ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ገደማ፣ የልጁን እጅና እግር ገልጣ ለጥቂት ደቂቃ ከደጅ ትውጣ። እኩለ ቀን ላይ ግን አይሁን፤ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያው ጨረር የሕፃን ቆዳ ለማቃጠል ጊዜ አይፈጅበትም።