ከማን ተማርህ? (ስለ መንፈሳዊ መምህርና ስለ እጅ ስልክ)

በጾመ ፍልሰታ ሰሞን ነበረ። በሰፈራችን የሚኖሩ፥ ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ፥ የስኳር በሽታ ካደረባቸውም ዐሥር ዓመት የሞላቸው አንዲት እናት ከቅዳሴ ሲመለሱ ከደጃቸው ላይ ወደቁ። ጎረቤት ተሰብስቦ ወደ ሐኪም ቤት አደረሳቸው። ሐኪሙም ደማቸውን ከመረመረ በኋላ መድኃኒታቸውን ካቋረጡ ስንት ቀን እንደ ሆናቸው ቢጠይቃቸው ዐሥራ ሁለት ቀን መሆኑን ነገሩት፤ ስለ ምን እንዳቋረጡ ሲጠይቃቸው ግን ዝም አሉ።

ነገሩን በኋላ የነገረችን ልጃቸው ናት። እናቲቱ በእርሷ ስልክ ላይ አንድ ሰባኪ ሲያስተምር ሰምተው ኖሯል። ሰባኪው፥ በጠበል የሚያምን ሰው ክኒን የሚውጥ ከሆነ እምነቱ ጎደሎ ነው እያለ ይናገራል። ድምፁ ያማረ፥ አነጋገሩ የተዋበ፥ ከመጽሐፍም አያሌ ጥቅስ የሚያመጣ ሰው ነው። እናቲቱ ሦስት ጊዜ ደጋግመው ካዳመጡት በኋላ መድኃኒቱን ከራስጌያቸው አንሥተው ከሣጥን ውስጥ ቈለፉበት።

ይህን በሰማን ጊዜ መጀመሪያ የተቈጣነው በሰባኪው ላይ ነበረ። ቍጣችን በረድ ሲል ግን ሌላ ነገር ያሳስበን ጀመረ። ይህ ሰው እኚህ እናት በዓለም ላይ መኖራቸውን አያውቅም። ሲወድቁ አላየም፤ መውደቃቸውንም አልሰማም። እርሱ የሚያውቀው ትምህርቱ ስንት ጊዜ እንደ ታየ የሚያመለክተውን ቍጥር ብቻ ነው፤ ከዚያም ቍጥር ውስጥ ሦስቱ የእኚህ እናት ናቸው። ስለዚህ መምህር ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ በዚያ ሰሞን እንደ ገና ማሰብ ግድ ሆነብን።

እኛ ፊደል የቈጠርነው በአንድ የገጠር ደብር ቅጥር አጠገብ፥ ዓይናቸው ከማያይ የኔታ ዘንድ ነው። ዐሥር ዐሥራ አምስት ልጆች ተቀምጠን ሁላችንም በየፊናችን እንጮኻለን፤ አንዱ ሀ ሁ ይላል፥ ሌላው የዮሐንስን መልእክት ያነባል፥ ከፍ ያለው ዳዊት ይደግማል። የኔታ ጋቢያቸውን ተከናንበው ፀሐይ ይሞቃሉ። ለሚያያቸው ሰው እንቅልፍ የወሰዳቸው ይመስላል። ድንገት ግን ከዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል አንዱን ልጅ በስሙ ይጠሩና «ዘለልህ፤ ከላይ ጀምር» ይሉታል። የዘለለው አንዲት ፊደል ትሆናለች። ቀኑን ሙሉ የኔታ የሚናገሩት ጥቂት፥ የሚሰሙት ግን ብዙ ነበረ። (ኋላ የመምህራን ማሠልጠኛ ገብተን አርባ ደቂቃ ሙሉ ሳያቋርጡ መናገርን ተምረናል፤ ይህን ልማድ ለመተው ደግሞ ዓመታት ፈጅቶብናል።)

ከፍ ባለውም ትምህርት ሥርዐቱ ያው ነው። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ በመስማት ብቻ ባለ ቅኔ አይሆንም። ከሰው ርቆ ሲያስብ ይውልና የቈጠረውን ቅኔ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ቃሉን ከነአገባቡ እየመረመሩ ያርሙለታል፥ የማይረባ ሲሆንም ጣለው ይሉታል። በዜማ ቤትም ተማሪው ያዜማል፥ መምህሩ ያዳምጣሉ፥ ዜማው በተጣመመበት ስፍራ ያቃኑታል። ትምህርቱን የፈጸመ ሰው ወደ ሌላ አገር ቢሄድ አስቀድሞ የሚቀርብለት ጥያቄ «ምን ታውቃለህ?» የሚል አይደለም፤ «ከማን ተማርህ?» የሚል ነው። ድጓ በቤተ ልሔም፥ ዝማሬ መዋሥእት በዙር አባ፥ አቋቋም በጎንደር እንደሚመሰከር፥ ዋሸራም በቅኔ ጉባኤ ስመ ጥር እንደ ሆነች በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። መምህሩም በተራው የራሱን መምህር፥ የመምህሩንም መምህር ስም ይቈጥራል። ይህ ሐረግ ለመኩራሪያ ብቻ የሚቈጠር አይደለም፤ ያ ሰው ቢሳሳት ጠርቶ የሚገሥጸው እንዳለ የሚያስታውቅ ነው።

ዛሬ በስልክ ላይ ለሚያስተምር ሰው ይህን ጥያቄ የሚያቀርብለት የለም። ነጠላውን አጣፍቶ መስቀል ከያዘ፥ ከኋላውም ሥዕል ከሰቀለ መምህር ይባላል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የሰውን ድምፅና መልክ አስመስሎ የሚሠራ ብልሃት ስለ ተገኘ፥ የምናውቀው አባት በስልክ ላይ ሲናገር ብናይ እንኳ እርሱ መሆኑን ማረጋገጥ የሚያስፈልግበት ጊዜ ላይ ደርሰናል።

ይሁን እንጂ ኢንተርኔትን ብቻ ብንወቅስ ግፍ ይሆንብናል። በ2012 ዓ.ም. ስለ ኮሮና ተላላፊ በሽታ ብዙ ሕዝብ በቤተ ክርስቲያን እንዳይሰበሰብ በተወሰነ ጊዜ፥ ሰሙነ ሕማማትንና ትንሣኤን በቤታችን ሁነን በቴሌቪዥንና በስልክ ተከታትለናል። ቤተ ክርስቲያን በሌለባት በሳዑዲ ዓረቢያ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ የእኅታችን ልጅ፥ የቤቱ ሰዎች ሁሉ ከተኙ በኋላ ቅዳሴውን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማች ታለቅሳለች። የንስሐ አባቷም ከዚህ ሁነው በስልክ ይመክሯታል፤ መስቀል ለመሳለም ግን ወደ አገሯ እስክትመለስ መጠበቅ እንዳለባት ነግረዋታል። ለእርሷ ስልኩ ከማጀት የተከፈተ መስኮት ነው። ማን ይዘጋባታል? ነገር ግን የዚህችን ልጅና የሌሎቻችንን ነገር ለይተን እንይ። እርሷ ስልኩን የያዘችው ደጀ ሰላም ስለ ራቀባት ነው፤ እኛ ደጀ ሰላሙ የዐሥር ደቂቃ መንገድ ሁኖልን ሳለ ነው።

የመሣሪያውንም ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ዩቲዩብ በ1997 ዓ.ም. ሲመሠረት ለስብከት ታስቦ አልነበረም። አንዱን ትርኢት ሰዎች ረዘም ላለ ጊዜ ሲያዩት መሣሪያው ለብዙ ሌሎች ያቀርበዋል፤ በመካከሉ ማስታወቂያ ይገባበታል፥ ከማስታወቂያውም ገቢ ድርሻ ለአቅራቢው ይደርሰዋል። ሰውን ሳይነሣ የሚያስቀምጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያስደነግጥና የሚያስቈጣ ወሬ ነው። ከዚህም የተነሣ በመልካም ልብ የጀመረ ሰባኪ ከብርቱ ፈተና ላይ ይወድቃል። ስለ ትሕትና ያስተማረውን ሁለት መቶ ሰው፥ ሌላውን መምህር የነቀፈበትን ግን ሁለት መቶ ሺህ ሰው ቢያይለት፥ በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ምን እንደሚያስተምር እናንተው ገምቱ። ያው የኔታም ቢሆኑ በዚያ ወንበር ቢቀመጡ መፈተናቸው አይቀርም ነበረ። ደግሞም በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት ወር ጀምሮ ፌስቡክ፥ ቴሌግራምና ዩቲዩብ በአገራችን ለአምስት ወር ያህል ታግደው እንደ ነበረ አንረሳም፤ መምህሩን በስልኩ ብቻ የሚያውቅ ሰው በዚያን ጊዜ ያለ መምህር መቅረቱን በዓይናችን አይተናል።

በሐዋርያት ሥራ በ8ኛው ምዕራፍ ያለውን የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ታሪክ ብዙ ጊዜ የምናነሣው ስለ አገራችን ክብር ነው። ነገር ግን ሌላም ነገር አለበት። ይህ ሰው በገዛ ሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩ ኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበረ፤ ያጣው መጽሐፍ አልነበረም። ፊልጶስም ሮጦ በደረሰበት ጊዜ ወዲያው ወደ ስብከት አልገባም፤ አስቀድሞ የሚያነበው ይገባው እንደ ሆነ ጠየቀው። ጃንደረባው የሚመራው ሰው እንደሌለው ሳያፍር ገለጠለት፥ ከአጠገቡም እንዲቀመጥ ለመነው። ፊልጶስም ትምህርቱን የጀመረው ጃንደረባው ካቆመባት ከዚያች ስፍራ ነው። እኛ ከዚህ ታሪክ ሁሉ የምንወደው ያን ከአጠገብ መቀመጥ ነው። ወንጌላዊው ዮሐንስም በሁለተኛው መልእክቱ የሚጽፈው ብዙ ነገር ሳለው ብዕሩን ያቆመው፥ መጥቶ ፊት ለፊት መነጋገርን ስለ መረጠ ነው።

አሁን ደግሞ በገዛ ቤታችን የደረሰውን እንናገር። የዐሥራ አራት ዓመት ልጃችን በዐቢይ ጾም ከማዕድ ላይ ሳለን፥ ጌታችን የጾመው አርባ ቀን ሲሆን እኛ ስለ ምን አምሳ አምስት ቀን እንደምንጾም ጠየቀን። ደክሞን ነበረ፤ ያልታረመ የሰማንያ ተማሪ ፈተናም ይጠብቀን ነበረ። «ዝም ብለህ ጹም» አልነው። መልሱ እኮ ከባድ አልነበረም፤ ከአርባው ቀን በፊት ዘወረደ የሚባለው የመጀመሪያው ሳምንት፥ ከኋላው ደግሞ ሰሙነ ሕማማት ስለ ተጨመሩበት ነው። ይህን ዲያቆን ሁነን ስናገለግል በልጅነታችን ያወቅነው ነገር ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ልጁ መልሱን ከስልክ አግኝቶ ነገረን፤ ግማሹ እውነት፥ ግማሹ ማንም ሊቅ ያልጻፈው ተረት ነበረ። ልጁን ወደ ስልክ የሰደደው ማን ነው? እኛው ነን።

ካህናቱም ከዚህ ነገር ነጻ አይደሉም። አንድ የንስሐ አባት ብዙ ቤተሰብ ይዘው፥ በበዓል ቀን ከቤት ወደ ቤት እየሮጡ ጠበል ይረጫሉ፥ ጠላ ቀምሰው ይባርካሉ፥ ይሄዳሉ። እኛም ከጤናና ከኑሮ ውድነት በቀር የምናጫውታቸው ነገር የለም። ልጆቻችንም አባ ከማለት በቀር ስማቸውን እንኳ አያውቁም። የሚጠይቅ ወጣት ሲገኝ ደግሞ መናፍቅ ሆነ ብለው የሚደነግጡ አባቶች አሉ። ደፍረን ስለ ተናገርን ይቅር ይበሉን።

እኚያ እናት ከሐኪም ቤት በወጡ በሦስተኛው ቀን የንስሐ አባታቸው መጡ፤ እኛም ልንጠይቃቸው ሄደን ስለ ነበር ከዚያው ተገናኘን። ሽማግሌ ካህን ናቸው። ስብከታቸው ያስተኛል እያሉ የሚያሟቸው ወጣቶች አሉ፤ እውነቱን ለመናገር እኛም አንዳንድ ጊዜ አንቀላፍተናል። ከተቀመጡ በኋላ መድኃኒቱን ስለ ምን ተውሽ ብለው አልጀመሩም። ልጅቷን ጠርተው ያን ስብከት እንድታሰማቸው ጠየቋት። ሃያ ደቂቃ ያህል ጆሮአቸውን ወደ ስልኩ አስጠግተው እስከ መጨረሻው አዳመጡት።

ሲፈጸም «ይህ ልጅ ከማን ተማረ?» አሉ። የሚያውቅ አልነበረም።

ከዚያ ወደ እናቲቱ ዘወር ብለው «ልጄ፥ ጠበል ያጠመቅሁሽ እኔ ነኝ፤ ወደ ሐኪምም ሂጂ ያልሁሽ እኔው ነኝ። ስትጠራጠሪ ስለ ምን አልጠየቅሽኝም?» አሏቸው።

«አፈርሁ፥ አባቴ» አሉ እናቲቱ። «እምነትሽ ጎደለ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።»

ካህኑ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። ቀጥለውም፥ በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ መናገራቸውን አስታወሷቸው፤ የስኳሩም መድኃኒት ከዚያ እንደማይለይ ነገሯቸው። የሣጥኑን ቍልፍ አስመጥተው መድኃኒቱ ከፊታቸው እንዲወጣ አደረጉ። ጾሙንም ከሕመማቸው ጋር እንደሚስማማ አድርገው ወሰኑላቸው። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ያህል ቅዳሜ ቅዳሜ ሲያልፉ ከበር ላይ ቁመው «ዋጥሽ?» እያሉ ይጠይቁ ነበረ። እናቲቱም «ዋጥሁ፥ አባቴ» ይላሉ።

እኛም ወደ ቤታችን ተመልሰን ለልጃችን አንድ ደብተር ገዛንለት። በስልክ ሰምቶ ያልገባውን ሁሉ ይጽፍበታል፤ በየወሩ በ21 ቀን የንስሐ አባታችን ሲመጡ ጠላው ከመቀዳቱ በፊት ደብተሩ ይቀርባል። በመጀመሪያው ወር አባ ደንግጠው ነበረ። አንዱን ጥያቄ ወዲያው መመለስ ስላልሆነላቸው ሄደው የመጻሕፍት መምህር ጠየቁና በሚቀጥለው ወር መልሱን በወረቀት ጽፈው አመጡ። ልጁ ያን ወረቀት ከደብተሩ ጋር አጣብቆታል። በዚህ ወር ስምንት ጥያቄ ተጽፏል፤ ሁለቱን እኛም አናውቃቸውም።