ከብዙው በሽታ የትኛው ይቅደም?

ገንዘቡ አነስተኛ፥ ጉዳዩ ግን ብዙ በሆነ ጊዜ የትኛው ሥራ እንደሚቀድም ለይቶ ማወቅ የነጋዴ ዋና ጥበብ መሆኑ ከአንባቢዎቻችን የተሰወረ አይደለም። የሕዝብ ጤና ምርምርም ከዚህ ሕግ ውጭ ሊሆን አይችልም። ስለሆነም ምርምሩ ከየት ይጀምር የሚለውን ጥያቄ ዲንሾን ምሳሌ አድርገን እንመለከተዋለን።

ዲንሾ ከሻሸመኔ ወደ ሮቤ በሚወስደው መንገድ ላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ የምትገኝ፥ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት መቀመጫ ናት። የአካባቢው ባለከብት መንጋውን ከጅብ የሚጠብቅለት ውሻ ያስፈልገዋል። ጎዳንቱ በሚባለው ልማድ መሠረት ከብቱ በየወቅቱ ወደ ደጋው ግጦሽና ወደ ሆራው ሲወጣ ውሻውም አብሮ ይወጣል፤ የእብድ ውሻ በሽታም በዚያው መንገድ ይጓዛል። እ.ኤ.አ. በ1991፥ በ2003፥ በ2008 እና በ2014 በተነሡት ወረርሽኞች በባሌ ብዙ ቀይ ቀበሮዎች አልቀዋል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮም የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም የመንደር ውሾችን ሲያስከትብ ቆይቷል። ይሁን እንጂ በሽታው አውሬን ብቻ የሚነካ አይደለም፤ ከብት ሲነከስ ለባለቤቱ ኪሣራ ነው፥ ሰው ሲነከስ ደግሞ የሕመሙ ምልክት ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የሰው ጤና፥ የእንስሳት ጤናና የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች መልእክተኞች ተሰብስበው፥ ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፉ 43 በሽታዎችን መረመሩ። መመዘኛዎቹም አምስት ነበሩ፤ በሽታው በሰው ላይ ያለው ብርታት፥ ሰው ከእንስሳት የሚያዝበት መጠን፥ በእንስሳት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት፥ መከላከያ መኖሩ፥ እንዲሁም የመሥሪያ ቤቶቹ ትብብር። በምርጫውም የእብድ ውሻ በሽታ አንደኛ ሲሆን፥ አባ ሰንጋ፥ ብሩሴሎሲስ፥ ሌፕቶስፓይሮሲስና ኤኪኖኮኮሲስ ተከተሉት።

ይህ አመራረጥ የሚመሰገንበት ምክንያት አለ። በእብድ ውሻ የተነከሰ የገጠር ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ባህል ሐኪም ሄዶ ወይም ከቤቱ ሳይወጣ ስለሚሞት ከሆስፒታል መዝገብ አይገባም። መዝገብን ብቻ የሚከተል ምርምር ለሐኪም ቤት ቅርብ የሆነውን ሰው በሽታ ያስቀድማል፤ የዲንሾ እረኛ ግን ይረሳል።

ሁለተኛው ችግር የሒሳብ ነው። በዚህ በሽታ ከሚያዙት ሰዎች ከመቶ 99 ያህሉ የሚያዙት ከውሻ ሲሆን፥ ከመቶ 70 ውሾች ቢከተቡ መተላለፉን ማቋረጥ ይቻላል። ነገር ግን የክትባቱ ወጪ በእንስሳት ጤና በጀት ላይ ሲያርፍ፥ ትርፉ የሚታየው በሰው ጤና በኩል ነው። ወጪው በአንዱ፥ ትርፉ በሌላው መዝገብ በሚጻፍበት ማኅበር ገንዘቡን ለማውጣት የሚቸኩል ሸሪክ እንደማይገኝ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል።

ከዚህም የተነሣ ቀዳሚ መሆን የሚገባው ምርምር አዲስ ክትባት የሚፈልግ ሳይሆን፥ ያለው ክትባት በአነስተኛ ወጪ የሚዳረስበትን መንገድ የሚያጠና ነው። የውሻ ዕድሜ አጭር፥ ቡችላውም ብዙ በመሆኑ ዘመቻው መደጋገም ይኖርበታል። እንግዲህ ከብት ወደ ደጋ ከመውጣቱ በፊት ይከተብ ወይስ በሆራው ላይ? ወጪውንስ መሥሪያ ቤቶቹ እንዴት ይካፈሉት?

በውሻ ምክንያት የሚደርሰውን የሰው ሞት እስከ 2030 ለማጥፋት ዓለም ግብ አድርጓል። በከብት፥ በቆዳና በጎብኚ ንግድ የተሰማሩ አባሎቻችንም በጉዳዩ ጥቅም አላቸውና፥ የምርምር በጀት በሚመደብበት ጊዜ ድምፃቸውን ቢያሰሙ የተገባ ነው።