ብርዱ ከካናቴራ ይጀምራል

ሰሜን ተራሮችን ልትወጡ ነው እንበል። ደባርቅ ላይ አጃቢ ስካውትና በቅሎ ጫኝ ይዛችሁ ከሳንቃበር ወደ ግጭ፣ ከግጭ ወደ ጨነቅ፣ አቅም ከተረፈም ከ4,500 ሜትር በላይ ወዳለው ራስ ደጀን። ምን ይያዝ? ጫማው እግር የለመደው ይሁን፤ ለጉዞው ዋዜማ ገዝቶ በማግስቱ ዳገት የሚወጣበት ሰው ተረከዙ ቢላጥ አላዝንለትም። የግንባር ባትሪ፣ ባርኔጣ፣ የፀሐይ ቅባት፣ የውሃ ኮዳ፤ ይኼንን ማንም ያውቀዋል። ማንም የማያከብረው የበግ ጠጉር ነውና ስለሱ ላውራ።

ብዙ ሰው ብርድን የሚዋጋው በውፍረት ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ከሳንቃበር ተነስቶ ጅንባር ወንዝን ተሻግሮ ወደ ግጭ የሚያወጣው ዳገት ጀርባዬን በላብ አጠበው። አስር ሰዓት ላይ ደረስን፤ ፀሐይ ስላለች ግድም አልሰጠኝ። ጀምበር ስትጠልቅ ጃኬት ለበስኩ፣ በላዩ ጋቢ ደረብኩ፣ ማብሰያው ጎጆ ገብቼ እሳት ዳር ተቀመጥኩ። ጥርሴ ግን መንገጫገጩን አልተወም። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑት ስካውት ሲያዩኝ ቆዩና፣

«ልጄ፣ ከሥር ምን ለብሰሃል?» አሉኝ።

«ካናቴራ።»

«ደርቋል?»

እጄን አስገብቼ ዳበስኩት። ገና አሁን የታጠበ ይመስላል።

«በል አውልቀው። እርጥብ ላይ ቢደርቡበት ምን ዋጋ አለው?»

ለአፍታ ራቁቴን ተንቀጥቅጬ የበግ ጠጉር ሹራቤን በባዶ ገላዬ አጠለቅኩ። ያሳክካል፣ አልዋሽም። ሻዩ ሳይፈላ ግን ጥርሴ ዝም አለ።

ልብስ በራሱ ሙቀት የለውም። የሚያሞቀን በክሮቹ መሃል የታሰረው አየር ነው። ጥጥ ላብ ሲጠጣ ይላሽቅና ገላ ላይ ይለጠፋል፤ የአየሩን ቦታ ውሃ ይይዘዋል። ውሃ ደግሞ ሙቀት በማስተላለፍ አየርን ከሃያ እጥፍ በላይ ይበልጠዋል፤ ሲተንም ሙቀቱን የሚወስደው ከእኛው ገላ ነው። የበግ ጠጉር የተጠቀለለ ስለሆነ ሲረጥብም አየሩን ቶሎ አይለቅም። የክብደቱን ሲሶ የሚያህል እርጥበት ውጦ እንኳ ለገላ ደረቅ ሊመስል ይችላል። መንዞች በርኖስና ባናቸውን ከበግ ጠጉር የሠሩት፣ የደጋ እረኛም ደበሎ የሚደርበው ወደው አይደለም። ከፍታው በአንድ ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በስድስት ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፤ በበጋ ሌሊት ሰሜን ላይ ውርጭ ይጥላል።

ጋቢን የማማ እንዳይመስላችሁ። አራት እጥፍ ሆኖ በመሃሉ አየር የሚይዝ ብልህ ልብስ ነው፤ ግን የደረቀ ሰው ልብስ ነው። ያዙት፣ ካምፕ ደርሳችሁ ከተለወጣችሁ በኋላ ልበሱት። ጂንሱን ግን እባካችሁ ቤት ተዉት፤ አንዴ ከረጠበ እስከ ማግስቱም አይደርቅ።

«የበግ ጠጉር ውድ ነው» የሚለኝ ሰው ሰልባጅ ተራ ያልገባ ነው። እኔ ሹራቤን ያገኘሁት እዚያ ክምር ውስጥ ነው። አንገቱ ላይ የተሰፋውን ጽሑፍ ብቻ አትመኑ። ከውስጥ ስፌቱ አንዲት ክር አስፈቅዳችሁ ምዘዙና ክብሪት አስነኩት። የበግ ጠጉር ከሆነ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱን ስታርቁት ወዲያው ይጠፋል፣ ጥቁሩ ቅሪት በጣት ሲነካ ዱቄት ይሆናል። ጥጥ ወረቀት ወረቀት እየሸተተ መንደዱን ይቀጥላል። ፖሊስተር ደግሞ ይቀልጥና እንደ ጨሌ ጠጥሮ ይቀራል። ከልብሱ ክምር ራቅ ብላችሁ ነው ታዲያ! እኔ አንዴ ባለሱቁ ፊት ክብሪት ጭሬ ተባርሬያለሁ።

ካልሲም ከዚሁ ወገን ይሁን፤ ሁለት የመንገድ፣ አንድ የመኝታ። የመኝታውን ቀን ላይ የሚያደርግ ሰው ማታ እንዳያማርር።

ጓዛችሁን የሚጭነው በቅሎ የራሱ መንገድና የራሱ ሰዓት አለው። ዝናቡ ሲመጣ እናንተ ጋ ላይኖር ስለሚችል የዝናብ ልብሱና አንድ ቅያሪ በላስቲክ ተጠቅልለው ጀርባችሁ ላይ ባለችው ትንሽ ቦርሳ ይግቡ። የቀረው ለስላሳ ከረጢት ውስጥ ይሁን። ባለጎማ ሻንጣ ይዞ የመጣ ሰው አይቻለሁ፤ በቅሎ ጫኙ ግራና ቀኙን ለማመዛዘን ግማሽ ጠዋት ታገለ፣ እኛም ቆመን ጠበቅን።

በማግስቱ ከግጭ ስንነሳ ሹራቤንም ጃኬቴንም ለብሼ፣ በራሴ ኮርቼ ቆምኩ። ስካውቱ ከላይ እስከ ታች አዩኝና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ዛሬም ልትረጥብ ነው እንዴ? ጃኬቱን አውልቅ። ትንሽ በርዶህ ጀምር፣ የቀረውን ዳገቱ ያሞቅልሃል።»